ከተራራው ጫካ ሥር ቤት ለመግዛት፦ ከኮተቤ በላይ ለቀረቡ ሁለት አማራጮች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር አያት ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ከጩኸትና ከአቧራ ርቀን አረንጓዴ ሰፈር ለመኖር ስለፈለግን፣ አንድ ደላላ ከኮተቤ በላይ፣ ከተራራው ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት አማራጮች አሳይቶናል። አንደኛው በ160 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ካርታ ያለው፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው፤ በጓሮው በኩል ቤቱን ከታች የሚደግፍ ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ አለው፣ ግንቡ ትንሽ ሰንጥቋል። ሁለተኛው 250 ካሬ ባዶ ቦታ ነው። ሻጩ የገበሬ ልጅ ሲሆን የግብር ደረሰኝና የወረዳ ደብዳቤ አለው፤ ካርታው በቅርቡ ይወጣል ይላሉ። ዋጋው የቤቱን አንድ ሦስተኛ አይሞላም። ተራራ ላይ ስለሆነ ጎርፍ አያሰጋም፣ መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ መሠረቱ ብዙ አያስወጣም፣ ዛፉም አፈሩን ይይዛል ብለውናል። የትኛውን እንግዛ?»

ሁለተኛውን አይግዙ። የመጀመሪያውንም ማኅደሩ (በመሬት ቢሮ ያለው የይዞታው ፋይል) እና ግንቡ ሳይመረመሩ አይግዙ። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ድንጋይና ስለ ዛፍ የተነገራችሁ ሦስቱም ነገሮች ስህተት ወይም ግማሽ እውነት ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን በጥያቄው ውስጥ እንደ ቀላል የታለፈው፣ «ቦታ መግዛት ይቻላል» የሚለው ግምት ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ካርታ ያለው ቤት ሲገዙ የሚገዙት ቤቱንና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ባዶ ቦታ ላይ ቤት ስለሌለ፣ በሕግ ዓይን የሚሸጥ ነገርም የለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታ ያልተጀመረበትን የሊዝ መብት ማስተላለፍን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን አስተላላፊው የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራው ሥራ ካለ የሥራውን ዋጋ፣ እንዲሁም ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው። ይህም ሕጋዊ የሊዝ ውል ላለው ሰው የተፈቀደ እንጂ ለእርሻ ይዞታ አይደለም። ሻጩ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ሲያርሰው የኖረውን መሬት ነውና የሚሸጠው፣ የራሱ መሆኑን ከልቡ ያምናል። ቅንነቱ ግን በሕግ ያልተሰጠውን የመሸጥ መብት አይፈጥርለትም።

የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያሳያል፤ ይዞታን አያረጋግጥም። የወረዳ ደብዳቤም እንደዚሁ ግለሰቡ በአካባቢው ነዋሪ መሆኑን ወይም ማመልከቻ ማስገባቱን ከመግለጽ አያልፍም። «ካርታው በቅርቡ ይወጣል» የሚለውን ተስፋ በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሥርዓት ስታስይዝ የኖረችው ከአየር ፎቶ በተዘጋጁ የመስመር ካርታዎች ላይ ተመሥርታ ነው፤ በተለይ የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. ካርታዎች ናቸው መነሻ የሆኑት። መለኪያው በዚያን ጊዜ በቦታው ላይ ቤት ነበር ወይ የሚለው ነው። እናንተ የታያችሁ ዛሬም ባዶ የሆነ ቦታ ስለሆነ፣ በየትኛውም ፎቶ ላይ ቤት ሆኖ ሊታይ አይችልም። እንግዲህ ሻጩ ቦታው ባዶ መሆኑን እየነገራችሁ ካርታ እንደሚወጣለት ተስፋ ሲሰጣችሁ፣ ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው እንደሚጣረሱ ልብ በሉ። ከገዛችሁ በኋላ ሌሊት ሌሊት የምትሠሩት ቤት ደግሞ በሰፈሩ አነጋገር «ጨረቃ ቤት» ይሆናል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ለዓመታት ግብር መክፈላቸውን ተናግረው ነበር፤ ደረሰኛቸው ግን ቤታቸውን አላዳነላቸውም። አስተዳደሩ ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ካሣ የሚከፈለውም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ነው።

ከኮተቤና ከካራ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ቦታው የማን አስተዳደር ነው የሚለው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ ወሰናቸው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስምምነት ላይ መድረሳቸው የተገለጸ ሲሆን፣ ዙሪያውን ያሉት ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በድሮው አስተዳደር ወረዳ የተጻፈ ወረቀት ዛሬ ቦታው በሚገኝበት አስተዳደር ዘንድ ምንም ላይሆን ይችላል። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲቋቋምም ብዙ ማኅደሮች ከቢሮ ወደ ቢሮ ስለተዘዋወሩ፣ ካርታ ያለው ቤት እንኳ ቢሆን ማኅደሩ ዛሬ የት እንዳለ በቅድሚያ መታወቅ አለበት።

ስለ መንደር ውልም አንድ ነገር ልበል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆንና ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ በእኛ ሁኔታ ይህ ማለት ውልና ማስረጃ ነው። ሦስት ምስክር የፈረመበት፣ ሽማግሌ የመረቀው የመንደር ውል ይህንን አይተካም። ደላላው «ቀብድ ጣል አድርጉና ይያዝላችሁ» ሲላችሁ የሚያዘው የእናንተ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ካርታ አለው ማለት የፍለጋው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሻጩ የያዘውን ካርታ ፎቶ ኮፒ ተቀብላችሁ በመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ ቅርንጫፍ ካለው ማኅደር ጋር እንዲመሳከር አድርጉ፤ ይህንን የሚያስፈጽመው ባለይዞታው ራሱ ስለሆነ አብራችሁ ሂዱ፤ «እኔ ጨርሼ አመጣላችኋለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቀበሉ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ውሉ በሚፈረምበት ሰሞን የወጣ መሆን አለበት፤ ከስድስት ወር በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ትናንት የተመዘገበን የባንክ ዋስትና አያሳይም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ወይም ከነበረ፣ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና መሆኑን፣ አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ በቪዲዮ ካላናገራችሁት አትፈርሙ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይቀራል።

የይዞታው ዓይነት በዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣል። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ በሊዝ አዋጁ መሠረት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ስለዚህ ሻጩ ሲከፍል የኖረው አነስተኛ የቦታ ኪራይ ለእናንተ አይቀጥልም። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው ቀሪ የሊዝ ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ ገዥው ስለሚዞር፣ ቀሪውን በቁጥር አውቃችሁ ከዋጋው ላይ መነጋገር ያስፈልጋል።

በተራራ ጥግ ባሉ ሰፈሮች ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የአጥርን መስመር ነው። ከጫካ የሚዋሰን ግቢ አጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ጫካው ይገፋል፤ አንዱ ባለቤት ሁለት ሜትር፣ ቀጣዩ ሌላ ሁለት ሜትር። ካርታው 160 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ውስጥ ግን ሁለት መቶ ካሬ ሊኖር ይችላል፤ ገዥው የሚከፍለው ባየው ስፋት ልክ ነው፣ የሚተላለፍለት ግን በካርታው የተጻፈው ነው። ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ የኤክስና የዋይ ነጥቦች ሰፍረዋል። ቀያሽ ቀጥራችሁ እነዚያን ነጥቦች መሬት ላይ ችካል ያስተክልላችሁ። በእናንተ ጉዳይ ይህ ይበልጥ የሚያስፈልገው የተሰነጠቀው ግንብ ከካርታው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለው ስላልታወቀ ነው። ግንቡ ከይዞታው ውጭ ከተሠራ፣ ቤታችሁን የሚደግፈው ነገር የእናንተ አይደለም ማለት ነው፤ ሲፈርስ ለመጠገን እንኳ ፈቃድ የሚሰጣችሁ አይኖርም። ጎን ለጎን ሸለቆ ወይም ጅረት ካለ ደግሞ ለወንዝ ዳርና ለአረንጓዴ ቦታ በፕላን የተያዘው ስፋት እስከ የት እንደሚደርስ ከክፍለ ከተማው የፕላን መረጃ በጽሑፍ ጠይቁ።

ቀጥሎ መሬቱን እንመልከት። የእንጦጦና የየካ ሰንሰለት ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ዓለት ነው፤ ከታች በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ዓይነት የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በላይኛው ተዳፋት ላይ እምብዛም አይገኝም። «ድንጋያማ ነው» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን በተዳፋት ላይ የምታዩት ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከላይ ተንከባሎ ከቀይ አፈር ጋር የተቀላቀለ እንጂ ከሥሩ ያልተነቀለ ዓለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታወቀው በመቆፈር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የተዳፋት ቤት የሚሠራው የላይኛውን ወገን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን አፈር ወደ ታች በመሙላት ነው። የቤቱ ግማሽ በተቆረጠው ጠንካራ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ያርፋል፤ ሙሌቱ በሚገባ ሳይጠቀጠቅ ከቀረ፣ ወይም የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ጉቶዎች ከሥሩ ተቀብረው ከበሰበሱ፣ በሙሌቱ በኩል ያለው የቤቱ ግማሽ ብቻውን ይሰምጣል።

ይህንን ያለ ውድ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ከግንቡ ጫፍ ቱንቢ አንጠልጥሉ። ግንቡ ከመካከሉ ሆድ አውጥቶ ክሩን ከነካ፣ ወይም ከጫፉ ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ ከኋላው ያለው አፈር እየገፋው ነው። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ከሆነና ሁለቱ ጎኖች እኩል ከቆሙ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ አግድም ከሄደ፣ ወይም የአንዱ ወገን ድንጋይ ከሌላው ወደ ፊት ከወጣ ግን ግንቡ ዕድሜው እያበቃ ነው። ቀጥሎ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። ጭራሹን ከሌሉ፣ ወይም ከዝናብ በኋላ ግንቡ ረጥቦ ቀዳዳዎቹ ደረቅ ከሆኑ፣ ውኃው ከኋላ ታግቷል ማለት ነው፤ የድንጋይ ግንብን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የአፈሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን ይህ የታገተ ውኃ ነው። በራሱ ክብደት የሚቆም የሦስት ሜትር ግንብ ከሥሩ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ በእግሩ ሥር በኩል ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ካልተቆፈረ ይህ አይታወቅም፣ ሻጩም ካልፈቀደ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሱ ሰያፍ ስንጥቆችን፣ የማይገጥም በርን፣ በጓሮው በኩል የወረደ የወለል ንጣፍን ተመልከቱ። በቅርቡ ቀለም የተቀባው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ያንን ክፍል ደጋግማችሁ እዩት።

«ተራራ ላይ ጎርፍ የለም» የሚለው ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በሜዳ ጎርፍ ይተኛል፤ በተዳፋት ግን በፍጥነት ይወርዳል፣ ሲወርድም አፈርና ድንጋይ ይዞ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከ100 ካሬ ጣሪያ ብቻ 4,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ አሸንዳው ይህንን በግንቡ ጀርባ ባለው ሙሌት ላይ ካፈሰሰው፣ በየክረምቱ ግንቡን የሚገፋው የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። ከእናንተ በላይ ያሉት ቤቶች ውኃ ወዴት እንደሚሄድም እዩ፤ የድሮ የጎርፍ መውረጃ በአጥር ተዘግቶ ከሆነ ውኃው መንገዱን አይረሳም።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ፣ ሥሩ አፈር አይይዝም ማለቴ አይደለም። ችግሩ ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማይበቅል፣ የወደቀው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ መሬቱ ራቁቱን መቅረቱ ነው፤ ዝናቡ ራቁት መሬት ላይ ሲያርፍ አይሰርግም፣ ይሮጣል። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ባሉበት ጫካ ሥር ያለው መሬት ሌላ ነው፤ በእንጦጦ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ የተጀመረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህ የሚከተለው ለእናንተ ግልጽ መሆን አለበት፤ የምትወዱት ጫካ የእናንተ አይደለም፣ ሊቆረጥ፣ ሊተካ፣ መንገድ ሊወጣበት ይችላል። ቤቱ ላይ ያጋደለ ዛፍ ቢኖርም ያለ ፈቃድ አትቆርጡትም። ለቤት የማያሰጋ ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል የራቀ ነው። «ጫካ የሚያይ» ተብሎ በዋጋው ላይ ለተጨመረ ገንዘብ እኔ ብሆን አልከፍልም።

ኑሮውን በአጭሩ፦ ውኃ ወደ ከፍታ የሚወጣው በፓምፕ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ውኃም አብሮ ይጠፋል፤ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤትን ጠይቁ። የፍሳሽ መስመር ከሌለ ሴፕቲክ ታንክ ይኖራል፤ የፍሳሽ ማንሻ መኪና በክረምት ያንን ዳገት መውጣት መቻሉን አረጋግጡ፣ ከእናንተ በላይ ያለው ጎረቤት ታንክ ወዴት እንደሚያንጠባጥብም እዩ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ከእሱ አራት መቶ ሜትር ከፍ ያለ ሰፈር ከሁለት ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህ ለሕፃናት ቀላል አይደለም። ጅብ ማታ ማታ ይወርዳል፤ የሰፈሩ ሰው ለምዶታል፣ ከትምህርት ቤት አምሽቶ የሚመለስ ልጅ ያለው ግን ሊያስብበት ይገባል።

ማኅደሩን ስላላየሁና ግንቡ ሥር ስላልቆምኩ ቤቱ ደህና ነው ልላችሁ አልችልም፤ ምክሬ ግን የማያሻማ ነው። ባዶ ቦታውን ተዉት፤ ዋጋው ቢቀንስላችሁም፣ ሻጩ ሌላ ምስክር ቢያቀርብም ተዉት። ኮንዶሚኒየማችሁን አሁን አትሽጡ፤ አከራዩትና በዚያው ሰፈር ቤት ተከራይታችሁ አንድ ክረምት አሳልፉ። የቀያሹን ችካልና የመሐንዲሱን ምርመራ በእናንተ ወጪ አሠሩ፤ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ግንቡ ከካርታው ውስጥ ሆኖ ሆድ ካወጣ፣ አፍርሶ መሥሪያውን ወጪ በመሐንዲስ አስገምታችሁ ከዋጋው ላይ ተነጋገሩ፤ ሻጩ «ጠግኜ እሰጣችኋለሁ» ካለ በሲሚንቶ ልስን ስለሚሸፍነው አትቀበሉ። ግንቡ ከካርታው ውጭ ከሆነ ግዢውን ተዉት። ሁሉም ከተስተካከለ፣ ገንዘቡን በሲፒኦ አዘጋጅታችሁ ውልና ማስረጃ ፊት ውሉ ሲፈረም ስጡ፤ ከፊሉ ግን ስም ዝውውሩ ተጠናቅቆ ካርታው በስማችሁ እስኪወጣ ድረስ እንደሚቆይ በውሉ ላይ አስጽፉ።